ሕፃኑን አንተ ነህ አሉኝ

ጥፋተኛዋ ሻንታ ናት። ሌላ ማንም አይደለም፤ ጎረቤታችን ሻንታ ናት። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት፣ እጄ ደክሞት ደብዳቤውን ሳልጨርሰው ብቀር እንኳ ይህችን አንድ ነገር እንድታውቅልኝ ብዬ ነው።

የኔ ታፈረ፣ እንዴት ነህ አልልህም። የሞተ ሰው እንዴት ነህ አይባልም፤ ብጠይቅህም መልሱን እፈራዋለሁ። ከተለያየን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን አስበናል። ካንተ በኋላ ሁለተኛው ክረምት ገብቶ በረዶው እስከ መስኮቱ ሥር ተከምሯል። አሁን የሚጠርገው የልጃችን የእመቤት ባል ነው። እንዳንተ ጠርዙን አይከተልም፤ መሐሉን ብቻ ጠርጎ ሮጦ ይገባል፣ እኔም ስወጣ እየተንሸራተትኩ ስሙን አነሳለሁ።

ፊደል ያስቆጠርከኝ ለዚህ ኖሯል? እዚህ ካልጋሪ በገባን በመጀመሪያው ክረምት፣ በዚያ ዕድሜዬ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አስቀምጠህ ሀሁ ስታስብለኝ፣ «አንድ ቀን ደብዳቤ ስትጽፊልኝ አያለሁ» ትል ነበር። የት ሄደህ ነው የምጽፍልህ፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ነው ወይ፣ እያልኩ እስቅብህ ነበር። ይኸው ጻፍኩልህ። ደስ ይበልህ።

ቤቱ ያው ነው፣ ሰው ግን በዝቶበታል። እመቤትና ባሏ ከፔንብሩክ ሰፈር ለቀው እዚህ ፓይንሪጅ ከኔ ጋር ገብተዋል። «ማሚ ብቻዋን አትሁን ብለን ነው» ይላሉ ለሰው። ልጅ የሚይዝላቸው ሰው ፈልገው እንደሆነ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ልብስህን ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች አካፈልኩ። ቡናማው ኮትህ የደረሰው ሰውዬ አንድ እሁድ ከፊቴ ቆሞ ሲያስቀድስ ከኋላው አይቼ አንተ የቆምክ መሰለኝ። ሲዞር ጢማም ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ቦታ ቀይሬ ከፊት እቆማለሁ፤ የማንንም ጀርባ ማየት አልፈልግም።

አሁን ወደ ሻንታ ልምጣ። ታውቃታለህ፤ በበጋ ቲማቲሟን በአጥሩ ላይ አሳልፋ የምትሰጥህ፣ አንተም «እትዬ ሻንታ» እያልክ የምታስቃት ናት። ሂንዱ ናት። ተወልዳ ያደገችው ኡጋንዳ ነው፤ ከዚያ ከቤተሰቧ ጋር ተባርራ ነው እዚህ የመጣችው። «እኔም አፍሪካዊት ነኝ፣ ካንቺ በፊት በረዶ የበላሁ አፍሪካዊት» ትለኛለች። እሷም ባሏ ሞቷል። አንተን ቀብረን ለቀስተኛው ሁሉ ወደየሺፍቱ ሲመለስ፣ በሬን አንኳኩታ «ጫማ አድርጊ» አለችኝና ወደ ሞል ወሰደችኝ። እዚህ አገር ክረምት ሲሆን ሽማግሌና አሮጊቱ ሱቆቹ ሳይከፈቱ ሞል ገብቶ ዙሪያውን ይራመዳል። አንተ ብትኖር ኖሮ ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር። ሰው መድረሻ ሳይኖረው ይራመዳል? እኔ ግን ተራመድኩ። ቤት ብቀመጥ ግድግዳው ይበላኝ ነበር።

እየተራመድን ነው ያን ነገር የጀመረችኝ። የሷ እንግሊዝኛ ከኔ ይሻላል፣ የኔ ደግሞ የተሰባበረ ነው፤ ግን ባሎቻቸውን የቀበሩ ሁለት ሴቶች ብዙ ቋንቋ አያስፈልጋቸውም። «ባልሽ አልሞተም» አለችኝ። «የሞተው ሥጋው ነው። እሱ መቼም አልተወለደም፣ መቼም አይሞትም።» የኛም ቄስ የሚሉት ስለመሰለኝ አሜን አልኩ። ነፍስ እንደማትሞት እኛም እናውቃለን። «አልተወለደም» ያለችውን የሰማሁት ቆይቼ ነው። ቆምኩ። «እንዴት አልተወለደም? እግዚአብሔር ሳይፈጥረው ከየት መጣ?» አልኳት።

የቆምንበት የጫማ ሱቅ በር ነበር፤ የብረት መዝጊያው ገና አልተነሳም። በጣቷ አንኳኳችው። «ይሄ ሱቅ ማታ ተዘጋ፣ ጠዋት ይከፈታል። ጠዋት ጠዋት ጫማውን እንደ አዲስ የሚሠራ ሰው አለ? የለም፤ ያው ጫማ ነው፣ ውስጥ ነው ያደረው። ዓለምም እንዲሁ ነው። ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፈታል። ስንት ጊዜ እንደተዘጋና እንደተከፈተ የሚያውቅ የለም። ነፍሶቹን ግን ማንም አልሠራቸውም፤ ሁልጊዜ ነበሩ» አለችኝ።

«የመጀመሪያው ቀንስ? መጀመሪያ የከፈተው ማን ነው?» ብላት፣ «የመጀመሪያ ቀን የለም» አለች። ዛሬ አውቶቡስ የለም እንደሚባለው፣ እንዲያው ቀለል አድርጋ።

ታፈረ፣ እዚያው አግዳሚ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የሌለውን ነገር አስበህ ታውቃለህ? እኔ አስቤ አላውቅም ነበር። እኛ ስንማር መጀመሪያ አለው። እግዚአብሔር ሰውን ከአፈር አበጀው፣ እፍ አለበት፣ ሰው ሆነ፤ ከዚያ በፊት እሱ ብቻ ነበር። ሐሳቤ ወደ ኋላ ሄዶ ሄዶ እዚያ ሲደርስ ጀርባውን ያስደግፋል። ሻንታ ያንን ግድግዳ አነሳችብኝ። ከኋላዬ ገደል የከፈተችብኝ ያህል ሆነብኝ።

እሷ ግን ደስ ብሏት ትቀጥላለች። ነፍስ ከሥጋ ስትወጣ እንደ ሥራዋ ሌላ ማኅፀን ትገባለች አለችኝ። ሰውም፣ ከብትም፣ ወፍም ልትሆን ትችላለች፤ የምትወዳቸው ካሉ ግን ብዙ ጊዜ ወደነሱው ታደላለች። «አንቺም ትመጫለሽ» አለችኝ። እኔ! ደግሜ? ጥርስ ማብቀል፣ ኩፍኝ፣ ለማያውቁት ሰው መዳር፣ ማማጥ፣ መቅበር፣ ከዚያ እንደገና ከሀ መጀመር? አንዴ መወለድ ይበቃኛል አልኳት። ሳቀችና «እኛም እኮ አንፈልግም፤ የምንጸልየው ከዚህ መመላለስ እንድንገላገል ነው» አለች።

የዚያን ቀን ነው ፍርሃቱ የገባብኝ። እስከዚያ ያለቀስኩት ሐዘን ነበር፤ ሐዘን ወገን አለው፣ ሰው አብሮ ያለቅሳል። ፍርሃቱ ግን የብቻዬ ሆነ። ምክንያቱም አንድ ነገር ይዤ ነበር የምኖረው። አንተ እዚያ ቀድመኸኝ ሄደህ ትጠብቀኛለህ፣ እኔም ስደርስ የምጠይቅህን እጠይቅሃለሁ እል ነበር። የምጠይቅህን ታውቃለህ። ከአገር ስንወጣ እህቴ አንገት ላይ ተጠምጥሜ አልሄድም ስል፣ «ቋንቋውን በማታውቂው አገር ብቻሽን አልተውሽም፣ ከተውኩሽ ሰው አይደለሁም» ብለህ የማልክልኝ ማን ነበር? ከዚያ አንድ ጠዋት ለሥራ ጫማህን ስታስር ጎንበስ እንዳልክ ቀረህ። ሻንታ እንደምትለው ከሆነ ግን የሚጠብቀኝ የለም። ወይ ተገላግለህ እስከ ወዲያኛው ሄደሃል፣ ወይ በሌላ ሥጋ ሌላ ቤት ውስጥ ሌላ ሴት እያጠባችህ ነው። በሁለቱም በኩል እኔ የለሁበትም።

አንተ ከሄድክ በኋላ እመቤት አረገዘች። በመስከረም ወለደች፣ ወንድ። አንተ ያለፍከው በጥቅምት ነበር። ሻንታ ጣፋጭ በሰሃን ይዛ ለመጠየቅ ስትመጣ፣ ልጁን ከመታቀፏ በፊት ወራቱን በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ አየችው። እሱም እንቅልፉ መጥቶ ነበርና ቀኝ ጆሮውን ያሽ ነበር። አንተ ሬዲዮ ይዘህ እንቅልፍ ሲጥልህ የምታሸውን ጆሮ። ሻንታ ብዙ ጊዜ በረንዳ ላይ አይታሃለች፤ ዘወር ብላ እኔን አየችኝና «ተመልሷል» አለችኝ። በቃ፣ አንድ ቃል። ጣፋጩ ከእጄ ላይ ወደቀ።

እመቤትን ብነግራት ሳቀች። «ማሚ፣ ሁሉም ቤቢ ጆሮውን ያሻል፣ ኖርማል ነው፣ ዶክተሩም ነግሮኛል» አለች። እሺ ልተወው ብዬ ነበር። ያላስተወኝ የኛው ሰው ነው።

አራሷን ሊጠይቁ የሚመጡትን ሴቶች ታውቃቸዋለህ። ያ ሁሉ ቆብና ሹራብ ከበር እስኪወልቅ ገንፎው ይቀዘቅዛል። አንዷ ልጁን አንስታ «እሰይ፣ እግዜር ተካሽ!» ትላለች። ሌላዋ «ጋሽ ታፈረ አልሄዱም፣ ይኸው ግንባራቸው» ትላለች። ሦስተኛዋ ልጁን እያወዛወዘች «አንቱ ሽማግሌ፣ መቼ መጡ? መንገዱ እንዴት ነበር?» ብላ ቤቱን በሳቅ ታፈርሰዋለች። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ሰው ከሞተበት ቤት ልጅ ሲወለድ እንዲህ ማለት ልማዳችን ነው፤ እኔም ለስንቱ ቤት ብያለሁ። ግን ከሻንታ በኋላ ስሰማው ሌላ ሆነብኝ። ሻንታ አንድ ሰው ናት፣ ሃይማኖቷም ሌላ ነው፤ እነዚህ ግን አብረውኝ የሚያስቀድሱ ናቸው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ተለያይተው መጥተው አንድ ወሬ ቢነግሩህ አትፈራም?

ከዚያ እመቤት ስም አወጣች። ምትኩ አለችው። ያንተ ምትክ እንዲሆን። አባቱም ወደደው፣ ሴቶቹም እልል አሉ። እኔ ሌላ ስም ይሁን ብዬ ተከራከርኩ። «ዳዲን ማስታወስ አትፈልጊም እንዴ?» ብላ ፊቷ ተለዋወጠ። ምን ብዬ ልመልስላት? አባትሽ በማስታወስ ብቻ ቢቀርልኝ ምንኛ ደስ ባለኝ ልበላት?

ያን ጊዜ ጀመርኩ ልጁን መጠበቅ። ሰው ልጅን የሚጠብቀው እንዳይወድቅ ነው፤ እኔ የጠበቅሁት እንዳያውቀኝ ነው። ያንተን አጭር ሞገድ ሬዲዮ ከታች ከቤዝመንት አወጣሁ። ከልጁ ጎን አድርጌ ከፈትኩት። ጣቢያ እንኳ አልያዘም፣ ሹሹ ብቻ ነው የሚለው፤ አንተ ወሬ ፍለጋ ስታዞረው ጆሮዬን የሚያሳምመኝ ያ ድምፅ። ልጁ ሲያለቅስ ነበር፣ ወዲያው ዝም አለ። ዓይኑን አፍጥጦ ያዳምጣል። አጠፋሁት፣ አለቀሰ። ከፈትኩት፣ ዝም አለ። ደግሜ ላጠፋው ስል መዝጊያው ጠፋብኝ። የእመቤት ባል ከሥራ ገብቶ ሲያይ «ኦ፣ ጉድ ነው! የምንጣፍ መጥረጊያውን ቫኪዩምም ስንከፍት እንዲህ ዝም ይላል» አለኝ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የማየው አንተን ሆነ።

አንተ ምናልባት ለምን ደስ አላላትም ትል ይሆናል። ባሏ ከተመለሰላት ምን ያስፈራታል ትል ይሆናል። ልንገርህ። እኔን የማያውቀኝ አንተ ምን ያደርግልኛል? ሠላሳ ዓመት አብረን የኖርነውን፣ እስር ቤት ስንቅ ያመላለስኩትን፣ የሞተብንን የመጀመሪያ ልጃችንን ስም፣ ይህን ሁሉ ረስተህ ድድህን እያሳየህ በጀርባህ የምትተኛ ከሆነ፣ የሞትክብኝ ሁለቴ ነው። ደግሞ የተመለስከው ወደ እናትህ ነው፣ እናትህም ልጄ ናት። እኔን አያቴ ብለህ ትጠራኛለህ። ደግሞስ ያን ሁሉ ጊዜ ለነፍስህ ጸሎት ያስደረግሁት ለማን ነበር? እዚህ ቤት ጡት እየጠባህ ከሆነ፣ ስምህን በመቅደስ ሲጠሩ ማን ይሰማል?

ያቺን ቀን ልንገርህ። እመቤት ገላዋን ልትታጠብ ገባች፤ ልጁን ሳሎን ምንጣፉ ላይ አስተኝታ አጠገቤ ትታዋለች። ቀን ነው፣ ፀሐይ በበረዶው ላይ አርፋ ቤቱን ሁሉ ነጭ አድርጋዋለች። እሱ ጣሪያውን ያያል። እኔ እሱን አያለሁ። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ ጎንበስ ብዬ በስምህ ጠራሁት። ቀስ ብዬ አይደለም፤ ውጭ ሆነህ ወጥ ሲቀዘቅዝ በምጠራህ ድምፅ። «ታፈረ!»

ዓይኑን ከጣሪያው አወረደ። ፈለገኝ፣ አገኘኝ። «ለምን ተውከኝ?» አልኩት።

ፈገግ አለ።

እስከዚያ ቀን ፈገግ ብሎ አያውቅም። ለእናቱም፣ ለአባቱም። የመጀመሪያው ነው። ታፈረ፣ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ወታደር በር ሲሰብር አይቻለሁ። እንደዚያ ፈገግታ ያስደነገጠኝ ግን የለም። ተነስቼ ወጣሁ። በሩን ዘጋሁበት። ማእድ ቤት ጥግ ቆሜ መስቀሌን ይዤ አማትባለሁ፣ እሱ እዚያ ብቻውን ሆኖ ማልቀስ ጀመረ፣ ጩኸቱ እየበረታ ሄደ፣ እግሬ ግን ወደዚያ አልሄድ አለኝ። እመቤት ፀጉሯ ውኃ እያንጠባጠበ በፎጣ ሮጣ ወጣች። ልጇን አነሳች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ግድግዳ ተጠግቼ ነበር። ዓይኗን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲያ ልጁን አልነካውም አልኩ። ወገቤን አሞኛል አልኩ፣ ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። ዳይፐር አቀብላለሁ፣ ጡጦ አጥባለሁ፣ ልጁን ግን አልይዝም። እመቤት ቻለች፣ ቻለችና አንድ ቀን «እማዬ፣ ልጄ ምን አደረገሽ?» አለችኝ። ማሚ ማለቱን ትታ እማዬ ስትለኝ ከልቧ እንደሆነ ታውቃለህ። «ልጄን ትጠዪዋለሽ። አይ ካን ሲ ኢት፣ ይታየኛል። ከጠላሽው ንገሪኝ፣ እንወጣለን» አለች። እንወጣለን! ይህች ናት አንተ ስትሄድ የተረፈችኝ። ፍርሃት መሆኑን ልነግራት ፈለግሁ፤ ግን አባትሽ ነው ብዬ እፈራለሁ ብላት ወደ ሐኪም ትወስደኛለች እንጂ ምን ታደርጋለች? የሚከራይ ቤት ጋዜጣ ላይ ማየት ጀመሩ፤ ባሏ እያዘነ፣ እሷ እየጨከነች።

ክርስትናው ደግሞ ዘግይቷል። እንደምታውቀው ቄሳችን ከሌላ ከተማ ነው የሚመጡት፤ በአርባ ቀኑ መሆን የነበረበት እስከ ኅዳር መጨረሻ ተገፋ። ከመጡ በኋላ ለብቻዬ አገኘኋቸውና ነገርኳቸው፤ ሻንታንም፣ ሱቁንም፣ ፈገግታውንም። ተቆጥተው ንስሐ የሚሰጡኝ መስሎኝ ነበር። እስክጨርስ ሰሙኝ። «ወለተ ማርያም፣ የዚህ ልጅ ነፍስ ከዚህ በፊት የትም አልነበረችም። እግዚአብሔር ለሱ ብሎ ነው የፈጠራት፣ አዲስ ናት» አሉኝ። ከዚያ ጢማቸውን እያሻሹ «ደግሞስ እስቲ አስቢው፣ ጋሽ ታፈረ መመለስ ቢችሉ፣ የዚህን አገር ክረምት ካዩ በኋላ እዚሁ ካልጋሪ ይመለሳሉ?» አሉኝ። ሳቅሁ። ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ደጅ ስወጣ ግን ፍርሃቱ በረዶው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ጆሮዬ የሰማውን አመነ፤ ልቤ ግን ያየውን አልተወም።

ስለዚህ በቀጥታ ወደ ሻንታ ቤት ሄድኩ። ልሰድባት ነው የሄድኩት። በሩን ስትከፍት ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። «አንቺ ነሽ ቤቴን ያፈረስሽው። ልጄ ልትወጣብኝ ነው። ተመልሷል ብለሽ ገደል አፋፍ ላይ አቁመሽኝ ሄድሽ» አልኳት። በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ የመጣልኝን ሁሉ። አስገብታ አስቀመጠችኝ። ልጁን በስምህ መጥራቴን ስነግራት ፊቷ ከሰል መሰለ።

«ጠራሽው?» አለችኝ። «እኛ እኮ አንጠራም።»

ከዚያ ነገረችኝ። ኡጋንዳ ሳሉ ሴት ልጅ ሞታባታለች፣ ገና ስትድህ። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ የተወለደችውን ሴት ሕፃን ሁሉ እየሄደች ፊቷን ታይ ነበር። የሰው ልጅ አቅፋ በልጇ ስም ትጠራ ነበር። እናቶቹ ልጆቻቸውን ይደብቁባት ጀመር። አማቷ አንድ ቀን እጇን ይዛ «ተያቸው» አለቻት። «ነፍስ ስትመጣ ረስታ እንድትመጣ የተደረገው ለምሕረት ነው። ያንን ሁሉ ሸክም ይዞ ማን ይድሃል? አንቺ ስትጠሪያት ያወረደችውን መልሰሽ ታሸክሚያታለሽ።»

«ታዲያ ለምን ተመልሷል አልሽኝ?» ብዬ ጮህኩባት።

ትከሻዋን ሰበቀች። «ላጽናናሽ ብዬ ነዋ። እናንተስ እግዜር ተካሽ ስትሉ አልሰማሁም? እሱ ይሁን አይሁን እኔ በምን አውቃለሁ? ይህን የሚያውቅ ሰው የለም» አለች። እሷም ታለቅስ ነበር። ላጽናናሽ ብዬ! እንዲህ ያለ ማጽናናት ለጠላት ይሁን። አሁንም ጥፋተኛ እሷ ናት፤ ይህን አልተውም። ግን ሻዩን ጠጣሁላት።

ክርስትናው እሁድ ሆነ። የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ስለሌለን በተከራየነው አዳራሽ ነው። የማጥመቂያው ውኃ በትልቅ የፕላስቲክ ገንዳ ነው የተቀዳው፤ ምንም ቢያሞቁት ቀዝቃዛ ነው። ልጁ ሲገባ እሪ አለ። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ከውኃው ሲያወጡት እመቤት ዘይቱንና ነጠላውን ይዛ ተደናግራ ነበር፣ ክርስትና አባቱ ሻማ ይዟል፣ ባሏ ካሜራ። ፎጣው እኔ እጅ ላይ ነበር። ቄሱ ልጁን ሰጡኝ። ማን ሊቀበላቸው? ተቀበልኩ።

ርጥብ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ፎጣው ውስጥ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። እጁ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ ያዘና አልለቅም አለ። ያን ጊዜ ምን ታየኝ መሰለህ? ልጁ ፈርቷል። ከኔ የበለጠ ፈርቷል። ይህ ውኃ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ለምን እንደነከሩት አያውቅም፣ ቋንቋውን አያውቅም። እንደ ቄሱ ቃል አዲስ የተፈጠረ ከሆነ ከምንም ነው የመጣው፤ እንደ ሻንታ ቃል መጀመሪያ የሌለው ከሆነ ከሩቅ መንገድ ሁሉን ረስቶ ነው የመጣው። በሁለቱም በኩል እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከኔ ማተብ በቀር የሚይዘው የለውም። ይህን ሕፃን ነው እኔ ለምን ተውከኝ ብዬ የጠየቅሁት።

«እማዬ፣ ልቀበልሽ?» አለችኝ እመቤት ቀስ ብላ። «ይቆይ፣ ይሙቅ» አልኳት። ጎኔ መጥታ ትከሻዋን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። የሚከራይ ቤት ማየቱን ትተዋል። አልተናገሩም፣ ጋዜጣው ግን መምጣት አቁሟል።

ፍርሃቱ ሄደልኝ ብዬ አልዋሽህም። አሁንም ልጁ ሲተኛ ጆሮውን ሲያሽ ዞር እላለሁ። የሻንታን የመጀመሪያ ቀን የሌለው ዓለም ሳስብ አሁንም እግሬ ሥር መሬት የለም። አንተ የት እንዳለህ አላውቅም። ቄሱ የሚሉት ቦታ እንድትሆን እጸልያለሁ፤ እዚያ ከሆንክ ጠብቀኝ፣ የምጠይቅህ አልቀረም። መሐላህን አልረሳሁም። ጥያቄዬ ካንተ ጋር ነው፤ ካንተ ሌላ የሚመልስልኝ የለም፣ ሌላ ሰውም ዕዳው የለበትም።

አንተን እስክሞት አስባለሁ። በየዓመቱ ሙት ዓመትህን አደርጋለሁ፣ ስምህን በቅዳሴ አስጠራለሁ፣ ለእመቤት ልጅም አያትህ እንዲህ ያለ ሰው ነበር፣ ግትር ነበር፣ ሲስቅ ጎረቤት ይሰማው ነበር ብዬ እነግረዋለሁ። ሕፃኑን ግን ከእንግዲህ ታፈረ ብዬ አልጠራውም።